ከካቡ ማዶ የሚሰማ ቆሎ

አያ ታከለ ማረፉን የነገረኝ ልጁ ይስሐቅ ነው። ከእስራኤል ደወለና «አባባ ፈንቴ፣ ተቀምጠዋል?» አለኝ። እኔ ድንች እየኮተኮትኩ ነበር። ቆሜያለሁ ብል ቁጭ ይበሉ ሊለኝ ነው፤ ቁጭ ካልኩ ደግሞ ጉልበቴ ቶሎ አያስነሣኝም። ስለዚህ «እንደ ተቀመጠ ቁጠረኝ» አልኩት። «አባታችን ዐረፉ» አለኝ።

ሰው ሲሞት «ምን ተናግሮ ሞተ» ብሎ መጠየቅ የአገር ደንብ ነው። እኔ ግን አፌ ላይ የመጣው «ምን በልቶ ነው የሞተው» የሚል ሆነ። ቅር አሰኘሁት ይሆን ብዬ ስፈራ ይስሐቅ «ቆሎ» አለና እየሣቀ ማልቀስ ጀመረ። ወይም እያለቀሰ መሣቅ፤ በስልክ አይለይም። ከዚያ አንድ የምለምንዎ ነገር አለ፣ ነገ ዘመዱ ሁሉ ለሐዘን ሲቀመጥ እደውልልዎታለሁ፣ ስልክዎን እንዳያጠፉ ብሎ ዘጋው።

እስኪደውል ድረስ አያ ታከለን ሳስብ ዋልኩ። ያሰብኩትን ነው የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት ከየኔታ ዘንድ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም በሬ ጠራኝ። አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ኮረኮንች መንገድ ነው ብላችሁ እለፉት።

አያ ታከለ በሁለት ሦስት ክረምት የሚበልጠኝ ጎረቤቴ ነበር። መንደራችን ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የእሱን ግቢና የእኔን የሚለየው አንድ ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ ነው። እሱ ቀጥቃጭ ነው፤ ማረሻውም፣ ማጭዱም፣ መጥረቢያውም ከእሱ እጅ ነው የሚወጣው። እሱ ቤተ እስራኤል፣ እኔ ክርስቲያን። በዚያን ዘመን እኛ ያረድነውን እነሱ አይቀምሱም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንቀምስም። እኛ ቤት የበሰለውንም አይነኩም። ልጄን የዳርኩ ጊዜ ጠቦቱን ከነነፍሱ በካቡ ላይ አሻገርኩለት፤ እሱ በእጁ ዐርዶ፣ ሚስቱ በገዛ ድስቷ ሠርታለት፣ ከማዶ ሆኖ እየበላ ሙሽራውን መረቀ። ሙሽራው ምርቃቱን ለመቀበል በነጭ ልብሱ ካብ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ድንጋይ ከድቶት ሲወድቅ ተረከዙን ተመታና ሰርጉን ሙሉ ሲያነክስ ዋለ። አያ ታከለ «ምርቃቴ ከባድ ነው ብያችሁ አልነበረም» ይላል።

ቆሎም እንዲሁ ነበር። ገብሱን ጥሬውን እኔ እሰጠዋለሁ፤ የእሱን ሚስቱ በራሷ ምጣድ ትቆላለታለች፣ የእኔን የእኔዋ ትቆላለች። ከአንድ ማሳ የወጣ ገብስ በሁለት ምጣድ ይቆላና፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እሱ በዚያ እኔ በዚህ ካቡን ተደግፈን እንቆረጥመዋለን። እየቆረጠምን እንሰዳደባለን። እሱ በሬዬን ይሰድባል፣ እኔ ማረሻውን እሰድባለሁ። ያ ስድብ ለቆሎው ጨው ነበር።

ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ነገሩን ሁሉ በጆሮው ነው የሚያየው። ማረሻ ሲያመጡለት ገና መልኩን ሳያይ በጥፍሩ ጠቅ ያደርግና «ይህ ውስጡ ተሰንጥቋል» ይላል። ቆሎም ሲይዝ በመዳፉ ከድኖ ጆሮው ሥር ያንሿሿዋል፤ ከዚያ «በስሏል» ወይም «ይህስ ይመለስ» ይላል። የራሱን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ከካቡ ማዶ የእኔን አቆራረጥም ሰምቶ «ፈንቴ፣ ዛሬ ሚስትህ ተቆጥታለች፣ ቆሎው አርሯል» ይለኛል። ወይም «በቀኝ ብቻ ነው የምትቆረጥመው፣ ግራው አሞሃል» ይለኛል። ሚስቴ ይህን ሰው አትወደውም ነበር። ቤታችን ውስጥ ጆሮ ተክሏል ትላለች።

አንድ አባባልም ነበረው፤ «ቸኩሎ የቀጠቀጠ ማረሻ ይሰብራል፣ ቸኩሎ የቆረጠመ ጥርስ ይሰብራል» ይላል። እሱ ሳይቸኩል፣ አንድ በአንድ እየቆረጠመ ጥርሱን ጨረሰ። እኔም ተከተልኩት።

ወደ እስራኤል የሄዱ ጊዜ ጓዙን ጭኖ፣ ሚስትና ልጆቹን አስቀድሞ፣ ካቡ ጋ መጣ። መቼም ትልቅ አደራ ይሰጠኛል፣ የአባቱን መቃብር ጠብቅልኝ ይለኛል ብዬ ቆፈን እንደያዘው ሰው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እሱ ግን ካቡ ሥር የሚቀመጥባትን ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳየኝና «ይህችን እንዳታነሣት» አለኝ። ለምን ስለው «መቀመጫዬ ለምዷታል፤ ሌላ ድንጋይ አይሆነኝም» አለና ሄደ። ዞሮም አላየኝ። እኔ እስከዛሬ ድንጋይቱን አላነሣሁም። ግቢው ኋላ ለእኔ ተሰጠኝና ድንች ተከልኩበት፤ ሳርስ ግን ድንጋይቱን ዞሬ ነው የማርሰው። ያየኝ ሁሉ ታቦት ያረፈባት ይመስለዋል።

ብዙ ዘመን ድምፁ ጠፋ። ኋላ ስልክ ለገበሬም ደረሰና የእኔም ልጆች አንዲት ባለቁልፍ ስልክ ገዙልኝ። ይስሐቅ በሰው በሰው ቁጥሬን አገኘው። አያ ታከለ መጀመሪያ ሲደውል እንደምን አለህ እንኳ አላለኝም። «ድንጋይቱ አለች?» ነው ያለኝ። አለች፣ ግቢህ ግን የድንች ማሳ ሆኗል አልኩት። ያዝናል ብዬ ነበር። «ድንቹ ምን ያህላል?» አለኝ። የሰው ጭንቅላት ያህላል አልኩ። «የእኔ የከሰል አመድ ነው ያፋፋው፤ ግማሹ የእኔ ነው» አለኝ። እንግዲህ መጥተህ ቆፍረህ ውሰድ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ይደውላል። ቅዳሜ ሰንበታቸው ነው፣ አይደውልም።

ሥራዬ እሱን በስልክ ማዞር ሆነ። ጉልበቱ ስለደከመ መምጣቱን ትቶታል፤ ስለዚህ በጆሮው ነው አገሩን የሚጎበኘው። ዛሬ ገበያ ውሰደኝ ይላል። ስልኩን እንደ ሻማ ከፊቴ ይዤ ደባርቅ ገበያ እገባለሁ። ይህ የሚንጫጫው ምንድን ነው ሲል ባጃጅ ነው እለዋለሁ። «ደባርቅን ጢንዚዛ ወረራት እንዴ?» ይላል። አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት ናፈቀኝ አለና ስልኩን ከሽንኩርቱ ክምር ላይ አስጠጋሁለት። ባለ ሽንኩርቷ ታየኛለች። «አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለችኝ። እስራኤል ያለ ሰው ሽታው ናፍቆት ነው አልኳት። «በስልክ ይሸታል እንዴ?» አለች። አያ ታከለ ከዚያ ማዶ ሰምቷት «ንገራት፣ ይሸታል፤ የዳባት ሽንኩርት ነው» አለኝ። እውነትም የዳባት ነበር፤ ግን እሷ አፏን ስትከፍት በንግግሯ ለይቷት ነው እንጂ በማሽተት አይደለም።

ያን ጊዜ በቅሎ ይዤ ቱሪስት አጅብ ነበር። በቅሎዬን ከዳባት ነው የገዛኋት። አንገቷን ሰብቃ፣ ሰው ሁሉ መንገድ እንዲለቅላት እየጠበቀች ስለምትሄድ ወይዘሮ ብዬ ጠራኋት። ከወይዘሮ ጋር ሳንቃ በር ወጥቼ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ፣ ነፋሱን እንዲሰማ ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋሁለት። እጄ እስኪዝል ያዝኩለት። ኋላ ሳየው ኔትወርኩ ገና ስወጣ ነው የጠፋው። እሱ ግን ነፋሱን ሰማሁት፣ ጆሮዬን በረደኝ ብሎ እስኪሞት ይምል ነበር።

እንዲህ ስንቀልድ ኖረን ሚስቱ ዐረፈች። ከዚያ በኋላ እሑድ ሲደውል ገበያ ውሰደኝ ማለት ተወ። አንድ ቀን ይስሐቅ ብቻውን ደወለልኝ። ድምፁ ሌላ ነበር።

«አባታችን መብላት ትተዋል» አለኝ። ሐኪሙ በሽታ የለባቸውም ይላል፤ እሳቸው ግን ሁሉንም ጣዕም የለውም እያሉ ይመልሱታል፣ ልብሳቸው ሰፋቸው፣ እንዲህ ከቀጠሉ አይሰነብቱም አለ። ምን ቢሰጧቸው ይበሉ እንደሆን ለመጠየቅ ነው የደወለው። ቆሎ አልኩት። ቆሎማ እዚህ በላስቲክ ታሽጎ ሱቅ ሞልቷል፣ ሰጥተናቸው ጆሯቸው ሥር አንሿሽተው «ይህ የሚሰማው ላስቲኩ ነው» ብለው መለሱት አለኝ።

ከገብሴ ምርጡን ለቅሜ ከጎንደር በሚሄድ ዘመዳቸው ላክሁ። ምራቱ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቆላችለት። አንሿሽቶ «ገብሱ የፈንቴ ነው» አለ። ደስ አለን። አንድ እፍኝ ቀመሰና አስቀመጠው። እሳቱ እሳት አይደለም፣ ይህ ፀሐይ የሞቀው ገብስ ነው አለ። ኩበት ነው የጎደለው አለ።

የሆነውን ኋላ ሁለቱም በየተራ ነገሩኝ። አያ ታከለ ምርኩዙን ይዞ ከከተማው ዳር ከብት ወደሚረባበት ቦታ ሄደና እበት ስጡኝ አላቸው። ሰዎቹ ሽማግሌው ወተት ፈልጎ ይሆናል ብለው ወተት አመጡለት። በእጁ ወደ ላሟ ኋላ አመለከተ። እየሣቁ በላስቲክ ሞሉለት። ወደ ቤቱ ወስዶ፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን በረንዳ ግድግዳ በጠፍጣፋ በጠፍጣፋው ለጠፈበት። ጎረቤቱ ሁሉ መስኮቱን ዘጋ። ከጥቂት ቀን በኋላ ይስሐቅ ሥራ ውሎ ሲመለስ ኩበቱ ደርቋል፣ ሦስት ድንጋይ ተጎልቷል፣ በረንዳው በጢስ ጠፍቷል፣ ከታች የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ ደርሷል።

አያ ታከለ ይህን ሲነግረኝ የተናደደው በእሳት አጥፊዎቹ መምጣት አልነበረም። «ቆሎዬን ውሃ ረጩበት» አለኝ። «አንዴ ከበሰለ በኋላ አሹቅ አደረጉብኝ።» አሹቅ ለማታውቁ ተቆልቶ በውሃ የራሰ ባቄላ ነው፤ ቆርጣሚ ሰው የጥርስ የለሾች ምግብ እያለ ይንቀዋል።

ሣቅን። ግን ከዚያም በኋላ አልበላም። ይስሐቅ ሲደውል አሁን ካልጋ አይነሡም አለኝ። እስቲ ስልኩን በጆሮው አድርግለት አልኩት። እኔ ያን ሰዓት ካቡ ጋ ቆሜያለሁ፤ ወይዘሮ አጠገቤ ገብሷን እየበላች ነው።

«ፈንቴ፣ ገብሱ ያንተ ነው፤ የኩበቱንም እሳት አየሁት» አለ አያ ታከለ። ድምፁ እንደ ተቀደደ ወናፍ ነፋስ ሾልኮ ነው የሚወጣው። «ግን አይወርድልኝም። የጎደለው ምን እንደሆነ አጣሁት።»

እኔም አላውቀውም ነበር። ዐይኔ ግን ድንጋይቱ ላይ ዐረፈ።

«እንግዲህ ተነሥና ቁጭ በል» አልኩት። «ሰው ብቻውን ቆሎ ሲቆረጥም ሌባ ይመስላል፤ እንዴት ይወርድልሃል? ቆሎህን ያዝ፣ እኔም የእኔን ይዣለሁ።»

«አንተ የት ሆነህ ነው የምትይዘው? ባሕር ማዶ።»

«ድሮስ ከአንድ ገበታ በልተን እናውቅ ነበር? ያኔም አንተ በዚያ፣ እኔ በዚህ ነበርን። ካቡ ጥቂት ሰፋ እንጂ ምን ተለወጠ?»

አልጋው ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ይስሐቅ ትራስ ሲደግፍለት ነው። «እስቲ መጀመሪያ አንተ ቆርጥም፣ ልስማህ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የበረደኝ። ጥርስ የለኝም። ገብሴን ካስፈጨሁ፣ በሶ በጥብጬ መጠጣት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ለእሱ ግን እንዳይስቅብኝ ብዬ አልነገርኩትም። አሁን ጥርስ የለኝም ብል ያ የተነሣ ሰው ተመልሶ ይተኛል። ዞር ስል ወይዘሮ ደረቅ ገብሷን አፏ ሙሉ ይዛ፣ ዐይኗን ከደን አድርጋ ታደቃለች። ስልኩን ከመንጋጋዋ አስጠጋሁ።

ወይዘሮ መቼም ቆርጣሚ ናት። ቀርጨም፣ ቀርጨም፣ ቀርጨም። ከዚያ ማዶ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ቀጭ አለ። ቆየና ሌላ ቀጭ። ሐኪም የተከለለት ጥርስ ነው። ይስሐቅ ስልኩን ተቀብሎ «አባባ ፈንቴ፣ እየበሉ ነው፣ እየበሉ ነው» ሲለኝ እኔ ለወይዘሮ ሁለተኛ እፍኝ እየጨመርኩላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እንዲህ ሆነ። እኔ እሰድበዋለሁ፣ ወይዘሮ ትቆረጥማለች፣ እሱ ይበላል። ሥጋ መለሰ አለኝ ይስሐቅ። ወይዘሮም ሥጋ መለሰች፤ ኮርቻዋ አልገጥም አለ። ሚስቴ ታየኛለች። «የሰው ነፍስ በበቅሎ መንጋጋ አንጠልጥለህ፣ አንድ ቀን እሷ ትጾም ይሆናል» ትላለች። አያ ታከለ ደግሞ ጥርስህ የጎረምሳ ነው እያለ ያሞጋግሰኛል። እኔም ተመስገን እላለሁ።

አንድ እሑድ ወይዘሮ ገለባ አፍንጫዋ ገባና በስልኩ ላይ አነጠሰች። የበቅሎ ማነጠስ ታውቁታላችሁ፤ ስልኩ ራሱ እጄ ላይ ራሰ። አያ ታከለ ከዚያ ማዶ ረጋ ብሎ «ይማርህ» አለ። እኔም በልማድ «ያኑርህ» አልኩ።

«ፈንቴ» አለኝ። «ያነጠስከው ጆሮዬ ሥር ነው። ያኑርህ ያልከው ግን ከወዲያ፣ ራቅ ብለህ ነው። መቼ ዞርክ?»

ወይዘሮ ናት አልኩት።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ» አለ። «አንተ አፍህ ሙሉ እያለ ትሰድበኛለህ፤ እሷ ጨዋ ናት፣ ውጣ ስትጨርስም ዝም ነው።»

«ታዲያ እያወቅህ ለምን በላህ?»

«ጥርስ የሌለው ሰው እኔን ሊያበላ በቅሎ ካስቆረጠመ፣ እኔ እንዴት አልበላም?» አለ። «ደግሞም የእኔም ጥርስ የእኔ አይደለም፤ ሁለታችንም በተውሶ ነው የምንበላው» አለኝ። ያን ቀን ሆዴን ይዤ ካቡ ሥር ተቀምጬ ሣቅሁ፤ ሚስቴ ናት ያስነሣችኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት በልቶ ኖረ። እኔም ከዚህ የሚበልጥ ነገር ለሰው አላደረግሁም፤ ያደረገችውም በቅሎዬ ናት።

ይስሐቅ መርዶውን በነገረኝ ማግስት፣ እንዳለው ደወለ። ከኋላው የሰው ጉርምርምታ ይሰማል፤ ቤቱ ሞልቷል። «አባታችን አንድ ነገር አዘዋል» አለኝ። «ለእኔ የሚያለቅስ አይጠፋም፤ ፈንቴን ግን ስልኩን ለወይዘሮ እንዲሰጣት ንገሩት ብለዋል። ስልኬን ሁሉም እንዲሰማ አድርጌዋለሁ።»

ድንጋይቱ ላይ ነጠላዬን አነጠፍኩ። ስልኩን መሐል አድርጌ ዙሪያውን ገብስ ዘራሁና ወይዘሮን ሳብኳት። ቆም ብላ ማሳውን ታይ ጀመር። የአገር ሰው እየጠበቃት፣ ባሕር ማዶ ቤት ሙሉ ሐዘንተኛ ጸጥ ብሎላት፣ እሷ ድንቹን ትቆጥራለች። እባክሽ አልኳት። አንገቷን ሰብቃ አየችኝና ጎንበስ አለች።

ቀርጨም፣ ቀርጨም።

ከዚያ ማዶ አንድ ቀጭ አለ። ሌላ ተከተለ። ይስሐቅ ለሰዉ ሁሉ ቆሎ በእፍኝ በእፍኝ አድሎ ኖሯል፤ ቤቱ በሙሉ መቆርጠም ጀመረ። ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ ይመስል ነበር። እኔ የምቆረጥምበት ስለሌለኝ አንዲት ፍሬ ምላሴ ላይ አድርጌ እንድትርስልኝ ጠበቅሁ። በልቤም አያ ታከለ አሹቅ በላህ ብሎ እንዳይሰድበኝ አልኩ።

ይህን ሳስብ ወይዘሮ የነጠላዬ ክር አፍንጫዋን ነካትና በስልኩ ላይ አነጠሰች።

መቆርጠሙ ቆመ። ከዚያ የሐዘኑ ቤት በሙሉ፣ ሽማግሌውም ሴቱም በአንድ ድምፅ «ይማርሽ» አላት።

«ያኑራችሁ» አልኩ፣ በእሷ ፈንታ።